በአፍንጫዬ የደረስኩባቸው አገሮች

ቡታጅራ ውስጥ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ሱቁ የአባቴ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ እኔ ያዝኩት፤ ከያዝኩት ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያኖረኝ አፍንጫዬ ነው። ከመስቃን ዛላ በርበሬ የሚያመጡልኝ ሐጂ ጆንያውን ከጋሪ ሲያወርዱ፣ ገና አፉ ሳይፈታ፣ "ይሄኛው ዝናብ አግኝቶታል" ካልኳቸው አይከራከሩኝም። "ሱብሃነላህ" ብለው ይስቁና ጆንያውን ለብቻው ያስቀምጡታል። ሲፈታ ከታች በኩል እርጥብ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ያህል ሽታ የማውቅ ሴት ግን እስከ አምና ድረስ ወይን ምን እንደሚሸት አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ጠላም ጠጅም ገብቶ አያውቅም። ወላጆቼ ጌታን የተቀበሉት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ባለቤቴም በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ሥራው ደግሞ ጂኦግራፊ ማስተማር። በጌታ እራት ቀን የምንቀምሰው በውሃ የተበጠበጠ ቀይ ሽሮፕ ነው። ወይን ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው በመጠጥ ቤት በር ሳልፍ የሚቀበለኝ የኮመጠጠ ሽታ ብቻ ነበር። አንድ ሽታ፣ አንድ ነገር፣ አለቀ።

አምና የአጎቴ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። በወጣትነቱ ወጥቶ ኬፕታውን ገባ፤ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሳህን ከማጠብ ጀምሮ አስተናጋጅ ሆነ። ቤተሰቡ የሚያውቀው "ሆቴል ነው የሚሠራው" የሚለውን ብቻ ነው። ከተማው መውጫ ላይ የራሱን ትንሽ ሆቴል ሊከፍት ነበር የመጣው፤ ለወጥ ቤቱ ቅመም ሊያዝ ሱቄ ገባ።

እኔም እንደ ልማዴ ኮረሪማ መዳፌ ላይ ፈልፍዬ፣ ፍሬውን ጨፍልቄ ሰጠሁት። ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ረጅም ጊዜ ያዘው። ከዚያ በቀስታ ወደ መዳፌ መለሰልኝ።

"ጥሩ ነው አይደል?" አልኩት።

"አላውቅም" አለኝ።

"እንዴት አታውቅም?"

"ያ ዓለምን በሙሉ ቤት ያስቀመጠው በሽታ ይዞኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ተመለሰልኝ፤ ሽታ ግን አልተመለሰም። ጣፋጭና ኮምጣጣ እለያለሁ። ጨውና መራራ እለያለሁ። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ለእኔ ውሃ ነው።"

እንደ ቀልድ አድርጎ ነበር የተናገረው። እጄ ላይ ያለው ኮረሪማ ግን ሱቁን ሞልቶት ስለነበር፣ ከዚያ ሽታ መሀል ቆሞ ምንም የማይደርሰው ሰው ማየት አስደነገጠኝ። በሥራው ምን ሆነህ አልኩት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ። የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ዓመታት ሥራው ወይን ብቻ ነበር። መምረጥ፣ መክፈት፣ ማሽተት፣ ለእንግዳ መንገር። ሽታው ሲጠፋ ስድስት ወር ደበቀው፤ ከማስታወስ እየተናገረ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በእንግዳ ፊት ተሳሳተ፤ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ።

ከሳምንት በኋላ አንድ የእንጨት ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ውስጡ አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ እያንዳንዱ በገለባ ተከብቦ ተጋድሟል። አብረውት የሠሩ ሰዎች ሲሰናበቱት፣ እያንዳንዳቸው የወደዱትን አንዳንድ ሰጥተውት ነው።

"አልከፈትኳቸውም" አለኝ። "ብከፍታቸውም ያው ነው። ሳስበው ሳስበው፣ እዚህ አገር እኔ የማውቀው አንድ አፍንጫ ያንቺ ነው። ታሸቺልኛለሽ?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አልጠጣም። ታውቀኛለህ።"

"አትጠጪም። አሽተሽ ትነግሪኛለሽ። ብትቀምሺም ትተፊዋለሽ። እኛም ቀኑን ሙሉ ስንተፋ ነው የምንውለው።"

ኑሯቸው ወይን የሆነ ሰዎች ወይን ሲተፉ እንደሚውሉ ያን ቀን ሰማሁ። አላመንኩትም፤ እሺም አላልኩትም።

ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጉርሻውን አኝኮ ጨረሰ።

"መጽሐፉ አትስከሩ ነው የሚለው" አለ። "አታሽቱ የሚል አላነበብኩም።"

"ሰውስ ምን ይላል?"

"ሰው የሚያየው ጠርሙሱን ነው፤ እሱ እውነት ነው። ከሱቁ ጀርባ ይሁን። በጠዋት ይሁን። ደግሞ የሚተፋበት ባልዲ ይኑር።" ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ "ዓይኑ የጠፋ ዘመድሽ ደብዳቤ አንብቢልኝ ቢልሽ ታነቢለት የለ" አለኝ።

እንዲህ ሆኖ፣ ገበያ በሌለበት አንድ ጠዋት፣ ከሱቁ ጀርባ በርበሬ በምናበጥርበት ክፍል ውስጥ ሁለት በርጩማ አስቀመጥን። የበርበሬው ሽታ ይውጣ ብሎ መስኮቱን አስከፈተኝ። ከካርቶን ውስጥ ቀጭን እግር ያላቸው ብርጭቆዎች አወጣ። ቡሹን ሲነቅል አላየውም፤ እጁ ብቻውን ሥራውን ያውቃል። ሁለት ጣት ያህል ቀዳልኝ። ነጭ ነበር፣ የጀርመን።

"አትቸኩይ" አለኝ። "በርበሬ እንደምታሸቺው አሽቺው።"

አፍንጫዬን አስገባሁ። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ መጣ። ቆይቶ ማር፣ ያውም ከሰፈፉ ጋር ያለ ማር። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ከሥር ብቅ አለና አፈርኩ። እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ጠፋኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ የተበላሸብህ ይመስለኛል።"

"ምን አገኘሽበት?"

"ነጭ ጋዝ። የኩራዝ ጋዝ ይሸታል።"

ከበርጩማው ተነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስቀየምኩት ብዬ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሲዞር ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ነጭ ጋዝ!" አለ። "አልተበላሸም። ይሄ የወይን ዓይነት ዕድሜ ሲያገኝ የሚያመጣው እሱን ነው። ስንት ዓመት እንግዳ ፊት ቆሜ ይህን ተናግሬያለሁ መሰለሽ! አንቺ ማንም ሳይነግርሽ ... ነጭ ጋዝ አልሽኝ!" ሳቀ፣ አለቀሰም። "በይ ድገሚልኝ። ሎሚው እንዴት ያለ ነው? የበሰለ ነው ወይስ ጥሬ?"

ጥሬ እንደሆነ፣ ልጣጩ በጥፍር ሲፋቅ እጅ ላይ የሚረጨው ዓይነት እንደሆነ ነገርኩት። ማሩ የበጋ ማር እንጂ የክረምት እንዳልሆነ ነገርኩት። በቃሌ ላይ እሱ ቃል ይጨምራል፣ እኔ ተመልሼ አሸታለሁ፣ "አይ፣ እሱ የለም" ወይም "አዎ አለ" እለዋለሁ። በመጨረሻ ትንሽ ወደ አፌ ወሰድኩ። ቀዝቃዛና ስል ነበር፤ ጉንጬን ከውስጥ በኩል አጠበው። ባልዲው ላይ ተፋሁት። የገረመኝ ከተፋሁት በኋላ የሆነው ነው። አልሄደም። አፌ ውስጥ ምንም ሳይኖር ሎሚው ቆየ፣ ማሩ ቆየ፣ ኧረ ጋዙም ቆየ። በርበሬ እንኳ ያን ያህል አይቆይም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "የጀርመን የት?" ብሎ ጠየቀኝ። ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ የገለበጥኩትን የወንዝ ስም ሰጠሁት። አሮጌውን አትላስ አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ በጣቱ ፈለገው።

"ራይን" አለ። "ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! የድንጋይ ከሰልና የፋብሪካ ዕቃ የሚጓጓዝበት ወንዝ ብዬ። ዳገቱ ላይ ወይን እንደሚበቅል መጽሐፉ ላይ በአንድ መስመር አለ። ምን እንደሚሸት ግን የለም።" ከዚያ ቀና ብሎ፣ "በእውነት ማር?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ እንከፍት ጀመር። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ ሁለት ሦስቱ ግን ዛሬም ይገርሙኛል። የፈረንሳዩን ቀይ አሽትቼ ጋሼን ሌባ እንደያዘ ሰው አፈጠጥኩበት።

"ቁንዶ በርበሬ ጨምረህበታል።"

"አልጨመርኩም።"

"ጋሼ፣ እኔ ቅመም ነጋዴ ነኝ። አሁን የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነው።"

"ወይን ብቻ ነው። ፍሬው፣ ልጣጩ፣ ሌላ ምንም። እዚያ አገር፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሲበቅል እንዲህ ይሆናል።"

ብርጭቆውን መደርደሪያው ዘንድ ወስጄ ከቁንዶ በርበሬው ጣሳ ጋር እያፈራረቅሁ አሸተትኩ። አንድ ናቸው። በመርከብ ከህንድ የሚመጣ ነው ብዬ የምሸጠው ሽታ፣ ቅመሙ በቅሎበት በማያውቅ አገር፣ በማይዛመደው ፍሬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ያን ቀን ከሰዓት ለደንበኛ ስመዝን ልቤ ሚዛኑ ላይ አልነበረም። ይህን ማን አስቀመጠው እያልኩ ነበር የዋልኩት።

የጣሊያኑ ደግሞ ቀለሙ የደከመ፣ ወደ ጡብ የሚያደላ ነበር። ደካማ ነው ብዬ ስጠጋው ጽጌረዳ መጣ፤ ከጽጌረዳው ጀርባ ደግሞ አስፋልት ሲነጠፍ የሚፈላው ሬንጅ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ጨርሶ አልገባኝም። ግን ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ። ምላሴን ግን እንዳልበሰለ ሙዝ ጨምድዶ ያዘው። ለጋሼ ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ፣ "አለ፣ አለ፣ አየሁት" ይለኛል። በእኔ አፍ ሲነገር አንዳንዱ እንደሚመለስለት፣ ሽታው ባይሆን እንኳ ጠርሙሱን ከፍቶበት የነበረው ክፍልና የተቀመጡት ሰዎች እንደሚመጡለት ነገረኝ።

ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ጠርሙስ የጆርጂያ ነበር። ጋሼ ሆን ብሎ የጠርሙሱን ወረቀት በእጁ ሸፍኖ ቀዳልኝ። ነጭም አይደለም ቀይም አይደለም፤ ቀጠን ብሎ እንደተቀዳ ሻይ ነው መልኩ። አሸተትኩ። የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ ሻይ ቅጠል፣ ለውዝ የመሰለ ነገር። ይህን ሁሉ አልፌ ወደ ሥሩ ስወርድ ግን የማውቀው ነገር አገኘሁ፤ ከየት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

እናቴ ከቤታችን ጀርባ እንሰቱ መሀል የቆጮ ጉድጓድ ነበራት። ላዩ ላይ የተጫነውን ድንጋይ አንሥታ የእንሰቱን ቅጠል ስትገልጥ፣ ከውስጡ የሚወጣ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አለ። አፈር ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ወራት በጨለማ ተቀምጦ የሰነበተ ነገር ነው። አጠገቧ ተንበርክኬ ፊቴን ወደ ጉድጓዱ እሰድ ነበር። እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ያ ጉድጓድም ተደፍኗል። ከሩቅ አገር የመጣ ብርጭቆ ውስጥ ግን ያው ትንፋሽ ነበረ።

"ይሄ ከመሬት ውስጥ የወጣ ነው" አልኩት።

ጋሼ ጠርሙሱን አጥብቆ ያዘ።

"ተቀብሮ የነበረ ነው፣ ጋሼ። እንደ ቆጮ።"

"ማን ነገረሽ?" አለኝ በዝግታ።

"ማንም አልነገረኝም። ይሸታል።"

እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። በዚያ አገር ሰው የሚያክል የሸክላ ጋን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ እንደሚቀብሩ፣ ወይኑን ከነልጣጩና ከነፍሬው እንደሚከቱት፣ ከድነው አፈር አልብሰው ክረምቱን ሙሉ እንደሚተዉት ነገረኝ። ጥንትም እንዲሁ ነበር ይላሉ፤ እናት ለልጅ እያሳየች የመጣ ነገር ነው አለኝ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰማሁት። የማላውቃቸው ሴቶች፣ የማላውቀው ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከቤታቸው ጀርባ ድንጋይ አንሥተው ወደ ጉድጓድ ሲያጎነብሱ ታዩኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓለም የአንድ እጅ ሥራ ነው ሲባል አሜን እል ነበር። ከልቤ የገባኝ ግን ያን ጠዋት ነው ብል አላጋንንም።

ከዚያም ወደ አፌ ወሰድኩት፤ አልተፋሁትም። ዋጥኩት።

ጋሼ አየኝ፤ ባልዲውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

ማታ ለባለቤቴ አልደብቀውም ብዬ ወሰንኩ። አትላሱን ዘርግቶ ጆርጂያን አግኝቶ፣ ከካውካሰስ ተራራና ከጥቁር ባሕር መሀል ናት እያለኝ ሳለ፣ "የዛሬውን ዋጥኩት" አልኩት።

ጣቱ ካርታው ላይ ቆመ። እኔም ለይቅርታ የሚሆን ቃል እያዘጋጀሁ ነበር።

"ምን ይመስላል?" አለኝ።

ነገርኩት። የእናቴን ጉድጓድም ነገርኩት። እሱም እናቴን ያውቃት ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ሌላ ጊዜ ግን ትፊው" አለኝ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ተፍቻለሁ።

ሆቴሉ ሥራ ሲጀምር ጋሼ ከአዲስ አበባ አስመጪዎች የተለያየ አገር ወይን እየመረጠ ማምጣት ያዘ። ሲመጣ እኔ ዘንድ ይቀርባል፤ እኔ ያልኩትን በአማርኛ ጽፈን ለአስተናጋጆቹ እንሰጣለን። ሬንጅን ሬንጅ፣ ቃሪያን ቃሪያ ብለን ነው የጻፍነው። እንግዶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ብርጭቋቸውን አንሥተው ያሸታሉ፤ ከዚያ ሳቁ ይቆማል። ይህን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ማየት እወዳለሁ።

አንድ ቀን ለምሳ ሰባት እንግዶች መጡ። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው ተመርቆ፣ ቤተሰቡን ሰብስበው ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገራቸው ያመጡበት ቀን ነበር። ሽማግሌው ጋሼ ካለው ሁሉ የተሻለውን አሮጌ የስፔን ወይን አዘዙ። እኔ ቅመም ላደርስ መጥቼ ወጥ ቤት ነበርኩ። ጋሼ ከፍቶ ለራሱ ጠብታ ቀድቶ፣ ያው ምንም ስለማይሸተው፣ ወደ እኔ ይዞት ገባ።

አሸተትኩት። ጠርሙሱ በሱቄ ካሸተትኩት ጋር አንድ ነው፣ ስሙም ዓመቱም። ሽታው ግን አልነበረም። የደረቀው በለስ የለም፣ ትምባሆው የለም። በቦታው ዝናብ የመታው ካርቶን አለ። ሻጋታ። በርበሬ ነጋዴ ከሌባ ይልቅ የሚፈራው ሻጋታን ነው፤ በእንቅልፌም አልስተውም።

"አትቅዳላቸው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ? ቀለሙ ደህና ነው። ቡሹም ደህና ነው።"

"ሻግቷል፣ ጋሼ። ቡሹን ራሱን ስጠኝ።" ቡሹም ያንኑ ይሸታል።

ሳያመነታ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ለሽማግሌው ጎንበስ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ይህ ጠርሙስ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ለእርስዎ የሚሆን አይደለም፤ ሌላ እከፍታለሁ" አላቸው። ሽማግሌው እስቲ ልየው ብለው ቀመሱት። "እኔ ምንም አላገኘሁበትም" አሉ። ጋሼ ሁለተኛውን ከፍቶ ለእኔ አምጥቶ፣ ደህና መሆኑን ስነግረው ወስዶ ቀዳላቸው። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ጋር እያፈራረቁ አሸተቱና ሁለተኛውን ብርጭቆ ለልጅ ልጃቸው አቀበሉት። "ይሄን አሽት" አሉት፤ "አሁን ደግሞ ያንን።" ወጣቱ ሁለቱን አሽትቶ አያቱን ቀና ብሎ አያቸው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ብርጭቆዎቹን እየተቀባበሉ ማሽተት ጀመሩ፤ የቀረበላቸው ክትፎ ተረሳ።

ሲወጡ ሽማግሌው ጋሼን "አፍንጫህ ይባረክ" አሉት። እሱም፣ "የእኔ አይደለም" ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ጠቆመ። ወጥቼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው። ቀሚሴ ላይ ያለውን ቀይ የበርበሬ አቧራ አይተው ሳቁ። በከተማው ወሬው ስለተሰማ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ ባለቤቴን ጠይቆት ነበር። "ትተፋለች" ብሎ መለሰለት፤ "ከፈለግህ ባልዲውን አሳይሃለሁ።" ከዚያ ወዲያ የጠየቀን የለም።

ባለፈው የፍሬ ወቅት ሦስታችን በሚኒባስ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ ወዳለው የሐይቅ ዳር ቆላ ወረድን። እኛ ከምንኖርበት ብዙ በማይርቅ ቦታ የወይን እርሻ እንዳለ ጋሼ ነበር የነገረን፤ ባለቤቴ "ካርታ ላይ ሳይሆን አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው" ስላለ ሄድን። የወይን ግንድ አይቼ አላውቅም ነበር። አጭር ነው፣ ጠማማ ነው፣ ቅርፊቱ የተላጠ። በረድፍ ቆሞ እስከ ዓይን መጨረሻ ይሄዳል። አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ ጨርሼ፣ ጽጌረዳውንና ሬንጁን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ነጭ ጋዙን ሁሉ አሽትቼ ስለነበር፣ ረድፉ መሀል ስገባ ሽታው ያጥለቀልቀኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ቅጠል አሸተትኩ፤ ቅጠል ነው። የምትለቅም አንዲት ሴት ፈቅዳልኝ ከዘለላው አንድ ፍሬ ቀጥፌ በጣቴ ጨመቅሁት። ጭማቂው እስከ አንጓዬ ወረደ። አሸተትኩት፣ ደግሜ አሸተትኩት። ጣፋጭ ውሃ ነው። አንዳች ነገር የለበትም።

"ያ ሁሉ ታዲያ የት ነው ያለው?" አልኳት ሴትዮዋን፣ ምን ማለቴ እንደሆነ እንኳ ሳላስረዳት።

ቅርጫቷን ወገቧ ላይ እያስተካከለች አየችኝ። "ገና ነው እኮ እሱ፤ መች ተጠመቀ" አለችኝና ወደ ቀጣዩ ግንድ አለፈች። ባለቤቴ ዝቅ ብሎ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ነበር፤ ጋሼ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። እኔም የተጣበቁ ጣቶቼን ዘርግቼ፣ ያን ሁሉ ረድፍ፣ ያን ሁሉ ዝም ያለ ፍሬ እያየሁ፣ ሚኒባሱ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅሁም።